ከዲስኩ ጀርባ የቆመችው ብረት

የእንጨት ሥራ ቤታችን ኮተቤ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። ዘመኑ 1990ዎቹ መጨረሻ፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ የተጧጧፈበት ነው። በርና መስኮት፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን፣ አልጋ፣ የሙሽራ ቡፌ፤ ትእዛዙ በላይ በላዩ ይደራረብ ነበር። ግቢው መሃል፣ ከእንጨት መላጊያው ማሽን አጠገብ፣ ሁላችንም ሰርኩላር የምንለው የመጋዝ ማሽን ቆሟል። ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም። የሰፈር ብየዳ ቤት ከአንግል ብረት እግር አበጅቶለት፣ ወፍራም ላሜራ ገበታ አልብሶት፣ ከሥሩ ሞተር አስሮ በቺንጋ ያገናኘው ነው። በገበታው ስንጥቅ መሃል ዲያሜትሩ 300 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ ብቅ ብሎ ይታያል። መከላከያ የሚባል ነገር የለበትም። መሸፈኛ የለው፣ ከኋላ እንጨቱን የሚለያይ ብረት የለው። ማብሪያው ግድግዳ ላይ የተመታ፣ በእጀታ ወደ ላይ የሚገፋ የድሮ ማብሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ገብቼ ያየኋቸው ትንንሽ እንጨት ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ማሽን ነው፤ ዛሬም።

የቤቱ ዋና ባለሙያ ተግባረ እድ ተምረው የወጡ፣ ስልሳውን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ለሁላችንም፣ ለቤቱ ባለቤትም ጭምር፣ ጋሼ ነበሩ። እኔ 10ኛ ክፍል ጨርሼ ስገባ ብዙ ጊዜ ማሽን አላስነኩኝም። በብርጭቆ ወረቀት አስፈገፈጉኝ፣ ኮላ አስቀቡኝ፣ ሰጋቱራ አስጠረጉኝ። አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ጠሩኝ። ማብሪያውን አወረዱ፤ ቀጥለው ፊውዞቹን ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱ።

«መብራቱ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ቅረብ» አሉኝ።

ዲስኩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ከአንዱ ጥርስ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ነበርና በዓይኔ እንድከተለው አዘዙኝ። በእኛ በኩል ያለው ጥርስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንጨቱን ገበታው ላይ ይጫነዋል። ከዚያ ገበታው ሥር ገብቶ ይዞርና በወዲያኛው ጫፍ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ጋሼ ከመሬት አንዲት የጣውላ ቁራጭ አንሥተው ከኋለኛው ጥርስ ጋር አነካኩና ዲስኩን ገፋ አደረጉት። ቁራጯ ተነሣች፤ በዲስኩ አናት ላይ ተንሸራታ ወደ ሆዴ መጣች። በእጅ የተገፋ ዲስክ ነው እንግዲህ።

«ሞተሩ ሲያዞረውስ?» አሉኝ።

ቆየት ብዬ አሰላሁት። 300 ሚሊሜትር ዲስክ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ 47 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የፊተኛው ጥርስ ይህን ጉልበት ወደ ገበታው ያወርደዋል፣ ገበታውም ይሸከመዋል። የኋለኛው ጥርስ እንጨቱን ካገኘው ግን ያው ጉልበት እንጨቱን አንሥቶ በሠራተኛው ላይ ይወረውረዋል። ሰርኩላርን የሚፈራ ሰው ሁሉ የሚፈራው ዲስኩን ነው። ጋሼ ያስተማሩኝ እንጨቱንም እንድፈራ ነው፤ ከእሱም ይልቅ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ቦታ።

ባህር ዛፍ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ዋንዛ ገራም እንጨት ነው፤ ደርቆ ከመጣ እንደተሰነጠቀ ይቆያል። የፈረንጅ ጽድ ጉጥ ይበዛበታል፣ ጉጡ ጋ ሲደርሱ ማዝገም ነው። ባህር ዛፍ ግን ገና ቆሞ ሳለ ውስጡ ተወጥሮ የሚያድግ ዛፍ ነው። ተቆርጦ፣ ጣውላ ሆኖ፣ ደርቆም ያ ውጥረት ጨርሶ አይለቀውም። በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ፍንካቾች አንዳንዴ ይበልጥ ይራራቃሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ተመልሰው ይገጥሙና ዲስኩን ከኋላው ጨምቀው ይይዙታል። ያን ጊዜ እንጨቱ ነከሰ እንላለን።

አንድ ቀን ሲነክስ አየሁ። ባልደረባዬ ለመስኮት ፍሬም የሚሆን ረጅም የባህር ዛፍ ሞራሌ ይሰነጥቃል፤ እኔ በወዲያኛው በኩል ቆሜ የሚወጣውን እቀበላለሁ። ተቀባይ አይጎትትም፣ ከሥር ይደግፋል እንጂ፤ ይህንንም ጋሼ አስቀድመው ነግረውናል። እንጨቱ ከግማሽ በላይ እንደሄደ የማሽኑ ድምፅ ተቀየረ። ሰርኩላር ላይ የሠራ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ሲያፏጭ የነበረው ዲስክ ድንገት ያቃስታል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከዚያ እጄ ላይ የነበረው እንጨት ጠፋ። ሲነጠቅ አላየሁትም፤ ቆርቆሮው ሲበሳ ነው የሰማሁት። ባልደረባዬ እንደተማረው ከዲስኩ መስመር ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ ነበር የቆመው። ሞራሌው በቀኝ ጎኑ አልፎ ከኋላው ያለውን አጥር በስቶ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጪ ሆኖ ተሰክቶ ቀረ። አጥሩ ማዶ ደግሞ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ነው።

ጋሼ አልጮኹም። ማብሪያውን አወረዱ፣ በሩን ከፍተው መንገዱን ወዲህና ወዲያ ቃኙ፣ የተጎዳ ሰው አለመኖሩን አይተው ተመለሱ። ባልደረባዬ ሁለት እግሮቹን ገጥሞ ዲስኩ ፊት ቢቆም ኖሮ ያ እንጨት የት ይገባ እንደነበር ለማናችንም አልነገሩንም፤ ሁላችንም የተበሳውን ቆርቆሮ እያየን ነበር። «ዛሬ መሰንጠቅ የለም» አሉ፤ ባለቤቱም አልተከራከራቸው።

የዚያን ከሰዓት በኋላ ሥራ እስካሁን በእጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። ጋሼ ከመደርደሪያው ሥር ጥርሱ ያለቀ 350 ሚሊሜትር ዲስክ አወጡና ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ፤ 2.5 ሚሊሜትር። የምንሠራበት ዲስክ አካሉ 2.2 ሚሊሜትር ነው። ጥርሶቹ ግን ግራና ቀኝ ወጣ ስለሚሉ እንጨቱ ላይ የሚከፍቱት መንገድ 3.2 ይሆናል። ከዲስኩ ጀርባ ቆሞ እንጨቱን የሚለያየው ብረት ውፍረት በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል መዋል አለበት ብለው አስረዱኝ። ከዲስኩ አካል ከሳሳ እንጨቱ ገጥሞ ዲስኩን ይነክሰዋል፣ ብረቱም ቆሞ ያያል። ከተከፈተው መንገድ ከወፈረ ደግሞ እንጨቱ ብረቱ ላይ ይቀረቀርና አላልፍ ይላል፤ ያኔ ሠራተኛው በጉልበት ይገፋል፣ በጉልበት የገፋ እጅም ድንገት ሲለቀቅለት የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው። 2.5 ልኩ ነበር።

አሮጌውን ዲስክ በግራይንደር ቆርጠው እንደ ማጭድ የጎበጠች ብረት አወጡ። የውስጥ ጎኗ የዲስኩን ክብ እየተከተለ እንዲሄድ፣ ከጥርሶቹም የምትርቀው ከ8 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አድርገው ሞረዷት። ቢሰፋ ምን አለበት ብዬ ጠየቅኳቸው። በመካከል በሚቀረው ክፍተት እንጨቱ ሊገጥም ይችላል አሉኝ፤ ብረቷ የምትጠቅመው ለዲስኩ የቅርብ ጎረቤት ስትሆን ነው። አናቷን ከዲስኩ አናት ትንሽ ዝቅ አደረጉት፤ እንጨቱ የሚገባበትን ፊቷን ደግሞ በሞረድ አለሰለሱት። ከዚያ ማሽኑ ሥር ገብተው ዲስኩን ከተሸከመው ብረት ጋር በሁለት ብሎን አሰሯት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ሞላላ ነው፤ ዲስክ ሲቀየር ወደፊትና ወደኋላ እንድትል። እኛ ማሽን ላይ ከፍና ዝቅ የሚለው ገበታው ነው፤ ዲስኩ ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ብረቷ ሁልጊዜ ከዲስኩ ጋር በአንድ ልክ ትቆማለች።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ማስተካከሉ ነበር። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ማስመሪያ ከዲስኩ አካል ጋር አስጠግተው ብረቷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አለማድላቷን አዩ፤ ፈቱ፣ አሰሩ፣ እንደገና ፈቱ። እኔ ባትሪ ይዤ አበራላቸዋለሁ። አንድ ወረቀት የምታህል ወደ ቀኝ አድልታ ሲያገኟት የሻይ ሰዓታቸውን ትተው እንደገና ጀመሩ። ያኔ ምን እንዲህ ያደክማቸዋል ብዬ ነበር። በማግስቱ ከዚያው የባህር ዛፍ ክምር አንድ ሞራሌ አንሥተው ራሳቸው ሰነጠቁ። እንጨቱ ከዲስኩ አልፎ መግጠም ጀመረ፤ ብረቷን ግራና ቀኝ ጨምቆ ያዛት፤ ማሽኑ አላቃሰተም። ጋሼ አቁመው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ በተሰነጠቀው መንገድ መዳረሻ ላይ ትንሽ ሽብልቅ ሰክተው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሽን ላይ እንጨት ሲወረወር አላየሁም።

በየእንጨት ቤቱ «ተጠንቀቅ» ይባላል። ባለቤት ይለዋል፣ እናት ጠዋት ከቤት ስትሸኝ ትለዋለች፣ ባልደረባ ለባልደረባ ይለዋል። ጋሼ ግን ቃሉን ሲናገሩት እምብዛም አልሰማሁም። ሰው ይደክማል፣ ልጁ ታሞበት ያድራል፣ የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል። በሁዳዴ ጾም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ጆሮው በሞተር ጩኸት ደንዝዞ፣ ጠዋት የተነገረውን ተጠንቀቅ ልቡ አይዘውም። ብረቷ አትራብም፣ ኪራይ የለባትም። «ጥንቃቄውን ማሽኑ ላይ እሰሩት» ይሉን ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ባየሁት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ምክር አላገኘሁም።

መግፊያ እንጨቱንም ያሠሩን በዚሁ አሳብ ነው። ከዋንዛ ቁራጭ የተሠራ፣ ጫፉ ላይ እንጨቱን ከኋላ የሚይዝ ተረከዝ ያለው መግፊያ፣ ከማሽኑ በስተቀኝ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ሩቅ ከተቀመጠ ማንም ሄዶ አያመጣውም፤ «ይቺን ብቻ» ብሎ በእጁ ይገፋል። አንድ ልጅ መግፊያው እንዳይጠፋ በገመድ ከማሽኑ እግር ጋር ቢያስረው ጋሼ ወዲያው በቢላ ቆረጡት፤ ገመድ ዲስክ ላይ ከተጠመጠመ ይዞ የሚሄደው እጅን ነው። ጓንትም እንደዚሁ። ከግንባታ ሥራ የመጣ አንድ ወጣት በወፍራም የቆዳ ጓንት ማሽኑ ፊት ቢቆም አስወለቁት። ባዶ ጣት ጥርሱን ከነካ ይቆረጣል፤ ጓንት ከነካ ግን ዲስኩ ጨርቁን ወይም ቆዳውን ይዞ ሙሉ እጅን ወደ ውስጥ ይጎትታል። በክረምት ጠዋት የሹራብ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ሻርፕ ይወልቃል፣ ጋቢ ለብሶ ወደ ማሽኑ መቅረብ የለም። የዲስኩ ቁመት ከሚቆረጠው እንጨት በላይ አንድ ጥርስ ያህል ብቻ ይወጣል። ለዓይን መነጽር፣ ለጆሮ መድፈኛ፣ ኤም ዲ ኤፍ ሲቆረጥ ደግሞ ለአፍንጫ መሸፈኛ። ከግንባታ ቦታ የሚገዛ የፎርም ጣውላ ምስማሩ ሳይነቀልና ሲሚንቶው ሳይፋቅ ማሽን ላይ አይወጣም።

አጭር ቁራጮች ሲቆረጡ ልኩን የሚይዘውን መሪ ብረት ለአግድም ቆረጣ እንዳንጠቀምበትም ከልክለውን ነበር። በመሪውና በዲስኩ መካከል የሚቀረው ትንሽ ቁራጭ መሄጃ ያጣና ዞር ይላል፤ ዞር ሲል የኋለኛውን ጥርስ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በኪሳቸው ፊውዝ ይዘው አሳይተውኛል። እኛም ከመሪው ላይ ትንሽ ጣውላ በሞርሳ አስረን ልኩን በዚያ እንይዛለን፤ ጣውላው ከዲስኩ በፊት ስለሚያልቅ ቁራጩ እንደተቆረጠ ነፃ ይሆናል።

በ2001 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ ግድቦቹ ውሃ በማጣታቸው አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በፈረቃ ሆነ። እንጨት ቤት ለሆነ ሰው ፈረቃ ማለት መብራት ባለበት ሰዓት ነፍስ እስኪወጣ መሥራት ማለት ነው። ፈረቃችን ነው ባልንበት ቀንም ድንገት ይሄዳል፣ ድንገት ይመጣል። ጋሼ ባሉበት ሁልጊዜ መብራት እንደጠፋ ማብሪያው ይወርዳል፤ ራሳቸው ሄደው ያወርዱታል። አንድ ቀን ጣውላ ሊገዙ ወጥተው ነበር።

ከእኔ በኋላ የተቀጠረ፣ እጁ የተባረከ ልጅ፣ ለቁም ሣጥን ኤም ዲ ኤፍ እየሰነጠቀ ሳለ መብራት ጠፋ። ዲስኩ በራሱ ግፊት ሲዞር ቆይቶ ቀስ እያለ ቆመ። ማብሪያው ወደ ላይ እንደተገፋ ነው። ዝም ያለ ማሽን የጠፋ ማሽን ይመስላል፤ ያታለለንም ይኸው ዝምታ ነው። ልጁ መግፊያውን ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ሰጋቱራውን በብሩሽ ጠረገ። ከገበታው ስንጥቅ ውስጥ ከዲስኩ ጎን የተቀረቀረች ስንጣሪ አየ። በጣቱ ሊነቅላት ጎንበስ አለ። በዚያ ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ የሰፈር ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ሲጮሁ ሰማን፤ በየሰፈሩ እንደሚጮኸው፣ በደስታ። የሞተሩም ድምፅ አብሮ ተነሣ።

ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ነበሩ፤ ከሁለተኛው አንጓ በላይ። አልጮኸም። እጁን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። አንዱ ባልደረባችን ሮጦ ማብሪያውን አወረደ። ቫርኒሽ የምትቀባልን እትዬ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች። አዲስ የታጠበ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ እጁን ጠቀለለችው፤ «ልጄ፣ ተቀመጥ፣ እጅህን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አድርግልኝ» እያለች በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው። እኔ የተቆረጡትን ፈለግኩ። አንዱ ገበታው ላይ፣ አንዱ ሰጋቱራ ውስጥ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና አፉን ቋጠርኩ፤ ጎረቤት ካለው ግሮሰሪ በረዶ ጠይቀን ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ውስጥ ከበረዶው ጋር አስቀመጥነው። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ እንዳይነካው የነገረችን እትዬ ናት። በላዳ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ሐኪሞቹ ቁስሉን አክመው ዘጉለት፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም።

ጋሼ ልጁን ጠይቀው ማምሻውን ከሆስፒታል ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደው ማብሪያውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ማብሪያውን ማን ሳያወርድ ቀረ ብለው አልጠየቁም። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱ ሲመጣ ፊውዞቹ እንደገና ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የደንበኛው ቀን ደርሷል እኮ» አለ ባለቤቱ።

«ደርሷል። እኔም እቆርጣለሁ። ማብሪያው ይቀየርና።»

«መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ያውርዱት ብዬ አዛለሁ። ያላወረደ ይቀጣል፤ ይኸው ዛሬ እጽፈዋለሁ።»

«ልጁ እስከ ትናንት ድረስ ሲያወርድ የኖረ ነው። አንድ ቀን ረሳና ሁለት ጣቱን ሰጠ። አንተ ከዚህ በላይ በምን ልትቀጣው ነው?»

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። የሕክምናውን ወጪ ሸፍኗል፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ ደመወዙን አላቋረጠበትም። ማሽኑ ከዚህ ዓይነት ማብሪያ ጋር ተበይዶ እንደተሸጠለት እንዲሁ ያሠራው ነበር፤ ሌላ ዓይነት መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም። አሠሪ የሥራ ቦታውን ደኅንነት መጠበቅና መከላከያ ማቅረብ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ያኔም ይደነግግ ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይደነግጋል። ግቢያችን ውስጥ ግን አዋጁን አንብቦ የሚጠይቅ አልነበረም። የጠየቁት ጋሼ ናቸው፤ የጠየቁትም በፊውዝ ነው። ከምሳ በፊት ባለቤቱ ከመርካቶ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ገዝቶ መጣ። ከአንድ በር ዋጋ ያነሰ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን በውስጡ ያለ ጥቅል ሽቦ መብራቱን ያገኝና ማግኔት ይሆናል፤ መገናኛዎቹንም ስቦ ይይዛቸዋል። መብራት ሲጠፋ ማግኔትነቱ ያበቃል፣ ስፕሪንጉ መገናኛዎቹን ያላቅቃቸዋል። መብራቱ ተመልሶ ቢመጣ የሚሆን ነገር የለም፤ አንድ ሰው እንደገና አረንጓዴውን እስኪጫን ማሽኑ የሞተ ነው። ጋሼ ቀዩን ማጥፊያ ከግድግዳው አንሥተው ማሽኑ እግር ላይ፣ በጉልበት በሚደረስበት ቦታ አስገጠሙት። ሁለት እጁ እንጨት የያዘ ሰው ማጥፋት ሲፈልግ ምን ያድርግ? እንጨቱን ለቆ ወደ ግድግዳ መሮጥ አይችልም፤ ጉልበቱ ግን ነፃ ነው። በዚያው ቀን የሞተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ቀስት ሣሉ። ምሰሶ ላይ ጥገና ተደርጎ ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፤ ዲስኩን የያዘው ብሎንም ሊላላ ይችላል። ስለዚህ መብራት ቆይቶ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ያለ እንጨት ለቅጽበት አስነሥቶ፣ አጥፍቶ፣ ዲስኩ ቀስቱን ተከትሎ መዞሩን ያያል። በ2011 ዓ.ም. ፈረቃው ተመልሶ ሲመጣ እኔ የራሴን ቤት ከፍቼ ነበርና ይህ ልማድ ብዙ ጠቅሞኛል።

በስልክ ቪዲዮ ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ መጋዝ አይቼ ተገርሜአለሁ። ስቲቭ ጋስ የተባለ የፊዚክስ ባለሙያና የፓተንት ጠበቃ በ1999 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው፤ ሶውስቶፕ በሚል ስም ከ2004 ጀምሮ ይሸጣል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ማሽኑ የጣትን ንክኪ ይለያል። የአሉሚኒየም ቁራጭ በስፕሪንግ ተወርውሮ ጥርሶቹ ውስጥ ይሰካል፣ ዲስኩም በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ይቆማል። ሰውየው በጣት ፋንታ ቋሊማ ሲያስጠጋበት ቋሊማው ጭረት ብቻ አግኝቶ ይወጣል። ዲስኩ ይበላሻል፤ ጣቱ ይተርፋል። በዚያው አገር የመንግሥት የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ግምት በመጋዝ ማሽን ዲስክ የሚጎዱ ሰዎች በዓመት 30 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ማሽኖቻቸው ከነመሸፈኛቸውና ከነመለያያ ብረታቸው እየተሸጡ። ሥራ ያፈጥናል ብሎ መሸፈኛውን የሚፈታ ሰው በሁሉም አገር አለ። እዚህ ግን የሚፈታ እንኳ የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተገጠመም። የጋስ ማሽን እኛ ሰፈር እስኪደርስ ዕድሜ ይወስዳል። ከአሮጌ ዲስክ የምትቆረጥ ብረትና ኮንታክተር ግን ዛሬ መርካቶ አሉ። ይህን ሳስብ እቆጫለሁ፤ ስንት ጣት የቀረው በዚህች ብረትና በዚህች ማብሪያ እጦት ነው።

ልጁ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። እርሳስ በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ መያዝ ተለማመደ፤ ለካ፣ አሰመረ፣ ገጣጠመ። ዛሬ የእኔ ሸሪክ ነው። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ሥራ ቤቱም ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ብረቷን ከማሽኑ ፈትተው ለእኛ ሰጡን፤ አሁን የእኛ ማሽን ላይ ታስራለች።

ሁለተኛ ማሽን ሲያስፈልገን ሁለታችንም ወደ ብየዳ ቤት ሄድን። በያጁ ሠርቶ የጨረሳቸው ሰርኩላሮች በር ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባዶ ገበታ፣ ባዶ ዲስክ። ለምን መለያያ ብረት እንደማይገጥምባቸው ጠየቅነው።

«ገዢ ካልጠየቀኝ ምን አደርጋለሁ? ዋጋ ይጨምራል» አለ።

«እኛ እየጠየቅንህ ነው» አለው ሸሪኬ።

ከወረቀት ቆርጠን የወሰድነውን የብረቷን ልክ ሰጠነው። ውፍረቷ ከየት እስከ የት መሆን እንዳለበት፣ ከጥርሱ ምን ያህል መራቅ እንደሌለባት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ለምን ሞላላ እንደሚሆን አስረዳነው። መጀመሪያ ሰምቶን እንዳልሰማ ነበር፤ ስለ ቀዳዳው ስንነግረው ግን ሥራ አዋቂ ነውና ወዲያው ገባው። የተሻለ ማሰሪያም እሱ ራሱ አሰበልን፤ በብሎን ፋንታ በአንድ እጀታ የሚጠብቅ። ብረቷን ከማሰሪያዋ ጋር ከእንግዲህ በሚሠራቸው ማሽኖች ላይ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚገጥም ቃል ሰጠን፤ ቁርጥራጭ ብረት ሞልቶታልና። ኮንታክተሩን ግን ገዢው ለብቻው መክፈል አለበት አለ። የእኛን ከፈልንና እዚያው ቆመን አስገጠምነው። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ በር ላይ ከተደረደሩት ሦስቱ ብረቷን ይዘዋል፤ ማብሪያቸው ገና የድሮው ነው።